«በጣም ጥሩ» ያልኩት መልስ

ይህን እስከ ትናንት ድረስ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ሐሜቱንም፣ የገደፍኩትን ጾምም፣ እናቴ ላይ የጮኽኩትንም ሳልደብቅ ነግሬያቸዋለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። ምን ብዬስ ልንገራቸው? «አባቴ፣ የጓደኛዬን የፈተና ልምምድ እያወቅኩ አሳስቼ አርሜያለሁ» ብላቸው ምን ይገባቸዋል? ትንሽ ነገር ይመስላል። ትንሽ ስለሚመስልም ነው ይህን ያህል ጊዜ ተሸክሜው የኖርኩት።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀጨኔ ተወልጄ ያደግኩ። ለሙያ ፈቃድ የሚሰጠውን ፈተና ስጀምር ቁጥር አላስፈራኝም። የገደለኝ የጽሑፉ ክፍል ነው። እዚያ መደመርና መቀነስ የለም፤ የአንድ ድርጅት ችግር ይሰጡና ለሥራ አስኪያጁ ምክር በእንግሊዝኛ ጻፉ ይላሉ። ሁለት ጊዜ ወደቅኩበት። በሁለተኛው መጽሐፉን ወርውሬ የእናቴን ብርጭቆዎች ሰብሬያለሁ። ስሜ ትዕግሥት ነው፤ ያወጡልኝ ሰዎች ምን እንዳዩብኝ አላውቅም።

ሐያትን ያገኘኋት የፈተናው ማጠናከሪያ ትምህርት ላይ ነው። እሷ ገና መጀመሪያዋ ነበር። አባቷ ሐጂ ሰዒድ፣ ሸጎሌ ውስጥ ከከብት ገበያው አጠገብ ገመድ ይሸጣሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጉልበታቸው ግን ደክሟል። እኔ ቁጭ ባልኩበት ነው የነገሯት። «ልጄ፣ አንድ ጊዜ ሞክሪ። ካለፍሽ በፈለግሽበት ሥሪ፤ ካልሆነ ግን ሱቁን ትይዢልኛለሽ።» ሐያት የነበራት ዕድል ያ ብቻ ነው። እኔም ይህን አውቅ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ከሱቁ ጀርባ ያለችው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ጥቅልል ገመድ ላይ ተቀምጠን እንለማመድ ነበር። አሠራራችን ቀላል ነው፤ ሁለታችንም አንድ ጥያቄ እንመልሳለን፣ ከዚያ ተለዋውጠን በቀይ እስክሪብቶ እንተራረማለን። ውላችን መተዛዘን የለም የሚል ነበር። እሷ ውሉን ጠበቀች። የእኔ ወረቀት ሁልጊዜ ደም መስሎ ይመለሳል።

«ቲጂ፣ ይሄ እኮ ዓረፍተ ነገር አይደለም፤ ቴሌግራም ነው!» እያለች ትስቃለች። እኔም እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን ይነዳል። አንድ ቀን እንኳ ወድቃ የማታውቅ ልጅ፣ እኔን ሁለቴ የወደቅኩትን ታስተምረኝ? እውነቱን ከፈለጋችሁ የበደሌ ሥር ይኸው ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

ሐያት ግን አንድ ጉድለት ነበረባት። ሸምድደን ያደግን ሁሉ ያለብን ነው፤ የምናውቀውን ሁሉ ካልዘረገፍን የመለስን አይመስለንም። አንድ ቀን ጥያቄው ስለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ ገና ከመጋዘን ያልወጣውን ዱቄት እንደተሸጠ ልቁጠረው ወይ ይላል። ሐያት ሽያጭ ምን እንደሆነ፣ ደንቡ ምን ምን እንደሚል፣ የቀድሞው ደንብ ከአሁኑ በምን እንደሚለይ እየጻፈች ገጹን ባማረ እንግሊዝኛ ሞላችው። ሥራ አስኪያጁ ግን ይቁጠረው አይቁጠረው ሳይነገረው ዱቄቱን ይዞ ቆሞ ቀረ። ይህ እንደሚጥል አውቃለሁ፤ እኔንም ጥሎኛል። ለሁለተኛ ጊዜ ስወድቅ አንድ አስተማሪ ለብቻዬ ጠርቶ «የምታውቂውን አትጻፊ፤ የተጠየቅሽውን መልሺ» ብሎኛል። ይህችን ምክር ለሐያት አልነገርኳትም።

የዚያን ቀን የእኔን ገጽ ከላይ እስከ ታች ሰርዛው ነበር። የእሷን ወረቀት አነሳሁና ግርጌው ላይ «በጣም ጥሩ» ብዬ ጻፍኩበት።

ፊቷ በራ። «የምርሽን ነው?»

«የምሬን ነው» አልኳት።

የዚያን ቀኑ ንዴት ነው እንበል። የሚቀጥለው ቅዳሜስ? ከዚያ በኋላ የመጡት ቅዳሜዎችስ? ሻይ ጠጥቼ፣ ከእናቷ እጅ ሳምቡሳ በልቼ፣ ረጋ ብዬ ነው «በጣም ጥሩ» እያልኩ የጻፍኩት። ያንን ምን ልበለው? እኔ ነኝ ያደረግኩት፤ እያወቅኩ ነው ያደረግኩት።

ውጤት መጣ። እሷ ባቃናችልኝ ዓረፍተ ነገር እኔ አለፍኩ። እሷ ሌላውን ሁሉ አልፋ በጽሑፉ ወደቀች። በማግስቱ ቀጨኔ ድረስ መጥታ «እንኳን ደስ አለሽ» ብላ አቀፈችኝ። «አንቺም እኮ ጥሩ ነው ብለሽኝ ነበር፤ እንግዲህ አላህ ያላለው ነው» አለች። ያላለው አላህ አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ። እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ ይባላል፤ እኔ ከእሷ በልጬ አለቀስኩ።

ሱቁን ያዘች። በዚያ በኩል ሳልፍ በታክሲው መስኮት አያታለሁ፤ በሬ ለገዛ ሰው ገመድ በክንዷ ትለካለች። ካየችኝ «ቲጂዬ!» ብላ ትጣራለች። ብዙ ጊዜ ያልሰማሁ መስዬ አልፌያለሁ።

ከትናንት ወዲያ ስልኬ ላይ የሐያት መልእክት ገባ። ታናሽ እህቷ ሱቁን ልትይዝ ነው፤ አባቷ ፈቅደውላት እንደገና ልትፈተን ነው። የመለሰችውን ጥያቄ ፎቶ አንስታ ልካልኛለች። «እንደ ድሮው እረሚልኝ፤ እንዳታዝኚልኝ» ይላል። አነበብኩት። ያው ነው፤ ባማረ እንግሊዝኛ ሁሉንም ዘርግፋዋለች። በዚህ ጊዜ እውነቱን ጻፍኩላት። «ይህን ሁሉ አልተጠየቅሽም። የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ።»

ትናንት ጠዋት መለሰችልኝ።

«ያኔም እንደዚህ ነበር የምጽፈው። ታውቂ ነበር?»

መመለስ ጀመርኩ። ሁለት ጊዜ መውደቄን ጻፍኩ፣ ንዴቴን ጻፍኩ፣ የፈተናውን ክፋት ጻፍኩ፣ የእናቴን ሕመም ሳይቀር ጻፍኩ፤ እናቴ የታመመችው ግን በሌላ ዓመት ነው። መልሼ ሳነበው የማውቀው ሁሉ አለበት፤ የተጠየቅኩት ብቻ የለበትም። ሁሉንም አጠፋሁት።

«አዎ፣ አውቅ ነበር» ብዬ ላክሁላት።

አንብባዋለች፤ እስካሁን ምንም አላለችም። ይቅር በይኝ የሚለውን ልጨምርበት ስልኩን ደጋግሜ አነሳለሁ፤ ግን እሱን አልጠየቀችኝም።