ከጎመኑ ሥር የነበረው

አክስቴ ትርንጎ ከነሐሴ ወር በቀር ውሸት አታውቅም ነበር። በነሐሴ ግን ጎህ ሲቀድ ቅርጫቷን ይዛ ትወጣና "ወዴት ነው?" ላላት ሁሉ "ጎመን ልቀነጥስ" ትላለች። ጎመኑ ከላይ ነው፤ ከሥሩ ያለው እንጉዳይ ነበር።

ከሐሙሲት ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን እንጉዳይን የጅብ ጥላ እንለዋለን። የበላ ሰው ደግሞ ጎተራው ተራቁቷል ማለት ነው። ሴት ባሏ ሲሞት ይታዘንላታል፤ የጅብ ጥላ ስትለቅም ከታየች ግን እስከ ልጅ ልጇ ይሳቅባታል። አክስቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ ይህን ሳቅ ከረሃቡ አብልጣ ትፈራው ነበር። አብሬያት የምኖረው እኔ ነበርሁና፣ የበላሁትን ለማንም እንዳልናገር በጊዮርጊስ አስምላኛለች።

እንጉዳይ በማወቅ ግን እንደ እሷ ያለ ሰው አላየሁም። ኩይሳ ላይ ካልበቀለ አትነካውም። ዙሪያውን በእንጨት ትቆፍርና ሥሩ ወደ ምስጦቹ ቤት ጠልቆ መውረዱን ታያለች። ከዚያ ትገለብጠዋለች። ሆዱ ነጣ ያለ ከሆነ ቅርጫት ይገባል። አንገቱ ላይ ቀለበት ያለው፣ ሆዱ ወደ አረንጓዴ የሚያደላው ግን የቱንም ያህል ቢያምር ይጣላል። "ባለቀለበቷን እንዳታምኛት" ትለኝ ነበር።

በሁለት ሺህ አንድ ዓ.ም. በፍልሰታ ጾም፣ እንጉዳዩን በሽንኩርትና በበርበሬ ስትጠብስ ጎረቤታችን ፈንታነሽ ሽታው ስቧት በሩን ገፋ አድርጋ ገባች።

"በፍልሰታ ዶሮ? ኧረ አንቺ ትርንጎ!"

"ምን ዶሮ አመጣሽ፤ ሽሮ ነው" አለችና አክስቴ ድስቱን ከደነችው።

ጾም ገደፈች መባል በእኛ ሀገር ቀላል ነገር አይደለም። አክስቴ ግን እንጉዳይ ነው ከምትል እሱን መረጠች።

ፈንታነሽ አላመነችም። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከሩቅ ተከተለቻት፤ ይህንን በኋላ ራሷ ነች የነገረችን። ነጭ ነገር ስትለቅም አየች። ሥሩን ስትከተልና ስትገለብጥ ግን ከሩቅ አይታይም። የእሷም ጎተራ ባዶ ነበርና፣ በሦስተኛው ቀን ከግጦሹ መሬት የራሷን ለቀመች።

ረፋዱ ላይ ወፍጮ ቤት ተራ ስንጠብቅ መጣች። ቅርጫቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። አክስቴ ጎን ተቀመጠችና፣

"እኔ እምለው ትርንጎ፣ የጅብ ጥላ የሚበላም አለው ይላሉ። እውነት ነው?" አለች።

ነጠላው ሸርተት ብሎ ነበር። ነጩን ባርኔጣ፣ ከሥሩም ቀለበቱን አየሁ። አክስቴም አየች፤ እጇ ወደ ቅርጫቱ ተዘርግቶ ነበር። ነገር ግን ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሁሉ አፍ አፏን ያያሉ። እጇን ሰበሰበች።

"እኔን ነው የምትጠይቂኝ? የጅብ ጥላን ጅብ ይብላው!"

ሴቶቹ ሳቁ። ድስቱን በጣቴ ስጠርግ የሰነበትሁት እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ሳቅሁ። ፈንታነሽም ከሁላችን በላይ ሳቀችና ተነሥታ ሄደች። ስትለቅም በዓይኗ አይታታለች፤ "ለብቻዋ ልትበላ ነው የምትክደኝ" ብላ ቤቷ ገብታ ጠበሰችው።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጩኸቷ ተሰማ። አክስቴ የያዘችውን ወርውራ ሮጠች። ፈንታነሽ ደጃፏ ላይ ተደፍታ ታስመልሳለች፤ ለልጆቿ ያስቀረችው ምድጃው ላይ ነው። አክስቴ መጀመሪያ ድስቱን ደፋችው። በባጃጅ ጭነናት ጤና ጣቢያ ስንደርስ ወፍጮ ቤት የነበሩት ሴቶችም ተከትለውን ደረሱ።

"ምን በላሽ?" አላት ሐኪሙ።

"ጎመን" አለች ፈንታነሽ። እንዲያ ሆናም ጎመን አለች።

አክስቴ ዞር ብላ ሴቶቹን አየች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች፤ መልሳ ገለጠችው።

"የጅብ ጥላ ነው የበላችው" አለች። "እኔም በየዓመቱ እበላለሁ። የእሷ ግን መርዘኛው ነው። አይቼው ዝም አልኋት።"

ማንም አልሳቀም።

ፈንታነሽ በሦስተኛው ቀን ተሻላት። አክስቴ አጥሚት ይዛላት ስትሄድ አብሬ ሄድሁ።

"እውነት አይተሽው ነበር?" አለቻት ፈንታነሽ።

"አይቼው ነበር።"

ፈንታነሽ አጥሚቱን ተቀበለቻት።

ከዚያ ወዲህ አክስቴ የምትለቅመው ፀሐይ ከወጣ በኋላ ነው፤ ጎመንም አታለብሰው። የጠየቃትን ሁሉ ቁጭ ብላ ታሳያለች፤ የሚስቁም አሉ፤ ትተዋቸዋለች።

ያን ቀን ቀለበቱን እኔም እንዳየሁት አክስቴ ታውቃለች፤ ለማንም አልተናገረችብኝም። ፈንታነሽ እኔን ጠይቃኝ አታውቅም። እኔም እስከ ዛሬ አልነገርኋትም።