ስምንተኛው ገጽ

የሶያማን ሱቅ የሚፈልግ ሰው ቡራዩ ከታ ወርዶ «ገጽ የምታወጣዋ የት ነች?» ብሎ ይጠይቅ። የባጃጅ ሾፌሮቹ ሁሉ ያውቋታል፤ በሯ ላይ ያወርዱታል። ታፔላዋ «ጽሕፈት፣ ኮፒ፣ ኢንተርኔት» ነው የሚለው፤ ስም ያተረፈችው ግን ከፒዲኤፍ ፋይል ውስጥ ያልተፈለገ ገጽ በማውጣት ነው። እኔ አረጋሽ እባላለሁ። ከጎኗ ክር፣ ዚፕና ቁልፍ እሸጣለሁ። የሚለየን ግድግዳ ስስ እንጨት ስለሆነ እሷ ዘንድ የተነገረ ነገር ሁሉ እኔም ዘንድ ይሰማል። ጆሮ ጠቢ ነች እንዳትሉኝ፤ ግድግዳውን ያሠራው የቤቱ ባለቤት ነው።

ሶያማ የሱሉልታ ልጅ ነች። ቡራዩ ያመጣት ትዳር ነው፤ አሁን ግን ባሏን እንኳ ሰፈሩ የሚያውቀው «የሶያማ ባል» ብሎ ነው። ድምጿ ትልቅ፣ ሳቋ ከድምጿ የባሰ። ደንበኛ ገና ከበሩ «ይኼ እንኳ የሚሆን አይመስለኝም» ብሎ ከጀመረ ትቆጣለች። «ሳላየው አይሆንም ያልከኝ አንተ ነህ ወይስ እኔ ነኝ ባለሙያዋ?» ትለዋለች። ሰውየው ይስቃል፣ ሥራውም ይሠራል።

እንዲህ ያለው ሥራ የበዛላት በእኛው ጠባይ ነው። እዚህ አገር ወረቀት ቀንሶ የሚሄድ ሰው የለም። ቢሮ ገብቶ «ያኛውስ የታለ? ነገ ይዘህ ና» ያልተባለ ማን አለ? ስለዚህ ቤተሰቡ ወረቀቱን ሁሉ በአንድ ፌስታል ያኖራል፣ የትም ሲሄድ ፌስታሉን እንዳለ አንጠልጥሎ ይሄዳል። ስካን ለማድረግ ሲመጣም እንዲሁ ነው። የግብር ደረሰኝ፣ የክትባት ካርድ፣ የእድር መተዳደሪያ፣ የልጅ ዲፕሎማ ተከታትለው አንድ ፋይል ይሆናሉ። «የሚያስፈልገው የቱ ነው?» ስትል መልሱ «ሁሉም!» ነው። በኋላ የተላከለት መሥሪያ ቤት በዝቷል ይላል፣ ሰውየውም ተመልሶ ሶያማ ዘንድ ይመጣል።

ፋይል ጭናችሁ ገጽ የምታወጡባቸው ድረ ገጾች አሉ፤ ሶያማ ግን የሰው መታወቂያ ለማታውቀው ድረ ገጽ አሳልፋ አትሰጥም። ፋይሉን እዚያው ኢንተርኔት በምትጠቀምበት ክሮም ላይ ትከፍተዋለች። ልታትም ይመስል ፕሪንት ትላለች፤ ከዚያ በፕሪንተሩ ፈንታ ፒዲኤፍ ሆኖ እንዲቀመጥ ትመርጥና የሚፈለጉትን ገጾች ቁጥር ትጽፋለች። ቁጥሩ ያልተጻፈ ገጽ በአዲሱ ፋይል ውስጥ አይገባም። ለዚህ ኔትወርክ ኖረ አልኖረ ግድ የላትም።

ይኼ የምነግራችሁ ነገር በሆነ ጊዜ ደግሞ ኔትወርክ የሚባል ነገር ብርቅ ነበር። ኅዳር 2009 ነው። ሕዝቡን ያስቆጣው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ቀርቷል ከተባለ ወራት አልፈዋል፤ ሁከቱ ግን አልቀረም። አስቸኳይ ጊዜ ታውጆ የሞባይል ዳታ ተዘግቷል፣ የሶያማ የመስመር ኢንተርኔትም ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይሄዳል። በዚያ ፍርሃት ውስጥ ዚፕ የሚገዛ ከየት ይምጣ? ሱቄን ገርበብ አድርጌ እሷ ዘንድ ነበር የምውለው። አዴ ተረፈች የመጡትም እዚያው ተቀምጬ ነው።

አዴ ተረፈች በገፈርሳ በኩል የሚያርሱት የኦቦ ሁንዴ ባለቤት ናቸው። «አካም ኦልቴ፣ ሶያማ» ብለው እንዴት ዋልሽ አሏትና የያዙትን ስልክ ዘረጉላት። መስመሩ ላይ ትልቋ ልጃቸው ሄመን ነበረች። የላቦራቶሪ ትምህርቷን ጨርሳ ነቀምት ልምምድ ላይ ነች።

«ሶያማዬ፣ አንድ ክሊኒክ ሥራ አውጥቷል» አለች ሄመን። «ማመልከቻው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። በኢሜይል ነው የሚቀበሉት፣ ከስድስት ገጽ ካለፈ አያዩትም። እዚህ ኢንተርኔት የሚባል የለም። መስከረም ላይ አንቺ ጋ ስካን ያደረግነው አለሽ?»

«ከእኔ ቤት ፋይል ጠፍቶ ያውቃል? የአንቺን ስድስት ገጽ ለይቼ እልካለሁ። አንቺ ለቃለ መጠይቁ አጥኚ!»

ሶያማ ፋይሉን ከፈተች። የዚያው የፌስታሉ ነገር ነው፤ መስከረም ላይ አዴ ተረፈች «ሁሉም!» ብለው ያስጫኑት። የሄመን ማስረጃ ከአንድ እስከ አራት፣ ከዚያ ሰባተኛውና ዘጠነኛው ላይ ነው። ሶያማ ገጾቹን እያሳለፈች ስምንተኛው ላይ ስትደርስ አዴ ተረፈች ብድግ አሉ። ጥጉ ላይ ሻይ የነካው ወረቀት ነበር።

«ይኼ የኦዳ ነው» አሉ።

ኦዳ የሄመን ታናሽ ነው። ገጹም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱ ነው፣ ያውም ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት። ልጁ ግን ጥቅምት ላይ ከሌሎች የሰፈር ልጆች ጋር ተይዟል። ቤታቸው ሲፈተሽ ዋናው ወረቀት አብሮ ተወሰደ። አዴ ተረፈች ምትክ ለማውጣት ቢሮ ቢሄዱ «ባለቤቱ ራሱ ይምጣ» ተባሉ። ባለቤቱ እስር ቤት ነው! ስለዚህ ልጃቸው ተምሮ ማለፉን የሚያሳይ በእጃቸው የቀረው ይኼ ገጽ ብቻ ነው።

«እሱን አታውጪው፣ ሶያማ።»

«አዴ ተረፈች፣ እሱ ካለ እኮ ሰባት ገጽ ይሆናል።»

«ይሁን። ከወጣ በኋላ ከየት አመጣዋለሁ?»

አሥር ሰዓት አልፏል። እኔ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም፤ ወደ ሶያማ ጆሮ ጠጋ ብዬ «ዝም ብለሽ አውጪው፣ በምን ያውቁታል?» አልኳት። እንዴት እንዳየችኝ! ወደ ወንበሬ ተመለስኩ።

«የልጅዎ ገጽ ነው፣ ሳይፈቅዱልኝ አልነካውም» አለቻቸው። «ግን ይስሙኝ። እኔ ከዚህ ፋይል ቆርጬ የምጥለው የለም። ከጎኑ ሌላ ነው የምሠራው። ይኼኛው እንዳለ ይቀመጣል።»

አዴ ተረፈች ዝግ ባለ ድምፅ፣ «አብረው ቢያዩዋቸውስ? ከእህቱ ዲፕሎማ ጋር የሱን ውጤት ያየ ሰው፣ ይኼማ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ምን አጠፋ ብሎ…» አሉና አቋረጡት። የኦዳ ገጽ አብሮ ይሂድ ያሉት እንዳይጠፋባቸው ብለው ብቻ አለመሆኑ ያኔ ገባኝ።

ሶያማ አልተወላወለችም። «እነሱ የሚፈልጉት የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው። ሰባት ገጽ ከላክን ጭራሽ አይከፍቱትም፣ የኦዳንም አያዩት፣ ሄመንም ሥራው ያመልጣታል። ኦዳ ሲፈታ ለመመዝገብ በራሱ ወረቀት ነው የሚሄደው። ይምጡ እዚህ ይቀመጡ። ቁጥሩን እርስዎ ይምቱት።»

አዴ ተረፈች ገበያ ውለው የሚገቡ ሴት ናቸው፤ ፊደል ባይቆጥሩም ቁጥር አይስቱም። ወንበሩን ለቀቀችላቸው። በአንድ ጣታቸው ከአንድ እስከ አራት ያለውን እሷ እያሳየቻቸው መቱ። ሰባትን መቱ። ከዚያ ጣታቸው ስምንት ላይ መጥቶ ቆመ። አልነኩትም፣ አልራቁትምም። ሶያማ አላጣደፈቻቸውም፣ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓቱን ረሳሁት። በረጅሙ ተነፈሱና ዘጠኝን መቱ።

አዲሱ ፋይል ተቀመጠ። ሶያማ ሁለቱን ጎን ለጎን ከፈተችላቸው፤ ባለ ስድስት ገጹ አዲሱ እዚህ፣ የፌስታሉ አሮጌ ደግሞ እዚያ። አሮጌውን ወደ ታች ስታወርደው ሻይ የነካው ወረቀት ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

«ዱጉማ?» አሉ፣ እውነት ነው ወይ ማለታቸው ነው። ስክሪኑን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«እውነት ነው እንጂ! እኔ እዋሽዎታለሁ?»

የቀረው ኔትወርክ ነበር። ሶያማ ኢሜይሉን አዘጋጅታ ሞደሙ ላይ አፈጠጠች፣ እኔ ስለቴን ተሳልኩ፣ አዴ ተረፈች «ዋቆ፣ ዋቆ» እያሉ ፈጣሪን ሲለምኑ ተቀመጡ። ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። «ሄደ!» ብላ ስትጮህ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሳይቀሩ ብቅ ብለው አዩ። ሄመን ጋ ደወልን፤ የክሊኒኩ ሰዎች ደርሶናል ብለው ሲመልሱ እልል ያልኩት እኔ ነኝ።

አዴ ተረፈች ግን አልተነሡም። «አሁን የሱን ለብቻው አድርጊልኝ» አሉ።

ሶያማ አሮጌውን እንደገና ከፍታ ከወንበሩ ተነሣችላቸው። በዚህኛው ጊዜ ጣታቸው አልቆመም። ስምንትን መቱ፣ ሌላ ምንም አልመቱም።

«ምን ተብሎ ይቀመጥ?» አለች ሶያማ።

«ኦዳ ሁንዴ» አሉ። መጻፍ ስትጀምር ክንዷን ያዙ። «ቆይ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ስንቅ ባደረስኩ ቁጥር 'ተጠርጣሪ ኦዳ ሁንዴ!' ብለው ነው የሚጠሩት። አንቺ እንደሱ እንዳትዪው። 'ተማሪ' በዪ።»

ሶያማ ጻፈች።

«አንብቢልኝ።»

«ተማሪ ኦዳ ሁንዴ።»

«ድገሚው» አሉ። ሶያማ በዚያ ትልቅ ድምጿ ደገመችላቸው።