ሻይ ባሕር የጣሉት ሰዎች

ዙሪክ፣ ዜባህ ሰፈር ባለው ቤታችን ቀረፋና ቅርንፉድ የገባበት ሻይ ሲፈላ፣ ልጄ ከመጽሐፏ ቀና ብላ፣ "ማሚ፣ አሜሪካኖች በእንግሊዝ ንጉሥ ቀረጥ ተናደው ሻይ ባሕር ጣሉ። ከዚያ እንዴት አንድ አገር ሆኑ? ነገ ፕሩፉንግ አለኝ፣ ፈተናው ላይ ይጠይቁናል" አለች።

ይህን ሽታ የማውቀው ደሴ፣ ካሳደጉኝ አክስቴ ሻይ ቤት ነው። አምስተኛ ክፍል እያለሁ ይህንኑ ታሪክ ነገርኳቸው።

"ያን ሁሉ ሻይ? እብዶች!" ብለው ሳቁ። ብርጭቆ ማለቅለቃቸውን ተዉና፣ "ንጉሡን ካባረሩ በኋላስ ማን አዘዘ? እርስ በርስ አልተባሉም?" አሉኝ።

"ነገ መምህሩን ጠይቄ እነግርዎታለሁ።"

"ነገማ እዚሁ ነሽ። ሠራተኛዋ ሥራ ለቃ ሄዳለች፤ የተማርሽው ይበቃሻል።"

ትምህርቴ በዚያው ቆመ፤ መልሱንም ሳልሰማ ቀረሁ። ዛሬም ያንገበግበኛል።

ልጄን እንዳላሳስታት ፈርቼ፣ "እኔ እንጃ፤ አንብቢና ንገሪኝ" አልኳት።

"ኧረ ማሚ!" ብላ መልሱን ልትፈልግ ስልኳን አነሳች።