ለአያ ሞላ አስተያየት ሰጠሁ!

ዛሬ አምባ ጊዮርጊስ፣ በሰፈራችን ስብሰባ መሀል፣ ለአያ ሞላ አስተያየት ሰጠሁ! ያውም ቆሜ!

ለማታውቋቸው፣ አያ ሞላ የሰፈራችን ትልቅ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው ከተናገሩ በኋላ ማንም አይናገርም። ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

ጥፋቱ የክበባችን ነው። ጎንደር ፒያሳ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በምንገናኝበት የንግግር ክበብ፣ አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ ሌላው ይነሳና አንድ ያማረ፣ አንድ የሚስተካከል ነገር ይነግረዋል። ለምዶብኛል።

የዛሬው ስብሰባ አዲሱ የውሃ ቦኖ የት ይተከል የሚል ነበር። አያ ሞላ ስለ ድሮ ምንጮች ብዙ አወሩና "እንግዲህ አስፋልቱ ዳር ይሁን" ብለው ተቀመጡ።

ሳላስበው ተነሳሁ። "አያ ሞላ፣ አነጋገርዎ ሸጋ ነው። ግን አስፋልቱ ዳር ለምን እንደሚሻል አልነገሩንም።"

እናቴ ነጠላዬን ስትጎትት ልትቀደው ምንም አልቀራት።

እሳቸው ግን ቀና ብለው አዩኝና "ታዲያ አንቺ የት ይሁን ትያለሽ?" አሉኝ።

ጀሪካን ተሸክመው ዳገቱን የሚወጡት የላይ ሰፈር ሴቶች ናቸው፤ ቦኖውም እዚያ ይሁን አልኩ።

እጅ ሲወጣ ላይ ሰፈር አሸነፈ! እናቴማ ሁለቱንም እጇን ነው ያወጣችው።

ስንበተን አያ ሞላ ጠሩኝ። "አነጋገርሽ ሸጋ ነው። ግን ነጠላሽን ከአፍሽ ላይ አንሺው፤ ከኋላ የተቀመጡት ግማሹን አልሰሙም።"

እስኪ እናንተም "ዛሬስ አፌ ጉድ አደረገኝ" ብላችሁ፣ በድል የወጣችሁበትን ቀን ጻፉልኝ።