ለማይታይ በሽታ ዋስ

ባለፈው ሳምንት የጭንቅላቴን ፊልም ይዤ አስኮ፣ ታላቅ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ኤም አር አይ ተነሥቼ ነው። ሐኪሟ ነጫጮቹን ነጠብጣቦች እያሳየች፣ "እማማ፣ በሽታው ኤም ኤስ ይባላል። የነርቭዎን ሽፋን ሲጎዳ ኖሯል፤ አንዳንዱ የቆየ ጠባሳ ነው" አለችኝ። መቆየቱንስ እኔም አውቅ ነበር። የሚያምነኝ ነው ያጣሁት።

በደርግ ጊዜ ኮልፌ ከወንድሜ ከተሾመና ከሚስቱ ከጽጌ ጋር እኖር ነበር። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነበር ሥራዬ። አንድ በጋ ላይ ቀዩ ክር ለቀኝ ዓይኔ ደበዘዘብኝ፤ ቀጥሎ እግሬ ከዳኝ። ጽጌ ብርድ ነው ብላ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፈላች፤ በጋቢ ሸፍና አጠነችኝ። ከእንፋሎቱ ስወጣ መቆም አቃተኝ። ጓሮ፣ ከገበያው የበርበሬ ሽታ ይዞ የሚመጣው ነፋስ ላይ ትንሽ ስቀመጥ ግን እግሬ ተመለሰ። የቀበሌ ሰልፍ ላይም ፀሐዩ ጣለኝ፤ ጥላ ሥር ሲያስቀምጡኝ ተነሣሁ።

"ሰልፍ ሲሆን ትወድቂያለሽ፣ ሽሮ ሲቀርብ ትነሺያለሽ!" አለች ጽጌ። ሰፈሩ ሳቀ። የጽጌ ሽሮ ሰው የሚያስነሣ እንዳልነበረ እዚህ ልጻፈው።

ውጭ ተምሮ የመጣ አንድ ወጣት ሐኪም ብቻ አልሳቀም። ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ እየመታ መረመረኝና እንፋሎቱን ከለከለኝ።

"ሙቀት የሚያባብሰው የነርቭ በሽታ ይመስለኛል" አለኝ። "ውጭ አገር በማግኔት አንጎልን ፎቶ የሚያነሣ አዲስ መሣሪያ አለ። እሱ ቢያይሽ ይለይልን ነበር።"

ውጭ አገር እንድታከም የሕክምና ወረቀት ጻፈልኝ። ውጭ የምትኖር አክስቴ ወጪውን ቻለች። የቀረው ለመውጫ ፈቃዱ፣ እንደምመለስ የሚፈርም ዋስ ነበር፤ ለዚያ የሚበቃ ዘመድ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛው ተሾመ ብቻ።

"ማስረጃሽ የታለ?" አለኝ።

"ማስረጃውን ላመጣ እኮ ነው የምሄደው፣ ጋሼ!"

"ብትቀሪስ? ላልታየ በሽታ እኔ ልታሰር?"

"እግሬን አታየውም?"

"ትናንት ቀበሌ ድረስ ሄደሽበት የለም እንዴ?"

አልፈረመም። ፈርቶ ነው ይሉኛል፤ ዘመኑስ ያስፈራ ነበር። ፈራሁ ቢለኝ ዝም እል ነበር። እሱ ግን ለጎረቤቱ ሁሉ አስመሳይ ናት አለ። ፋብሪካው አሰናበተኝ። እጮኛዬም ወሬው ደረሰው፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ተሾመ አሁን አርጅቷል። ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ በመነጽሩ ሥር ብዙ ተመለከተው።

"እነዚህ ናቸው?"

"እነሱ ናቸው።"

"ታዲያ የያኔዎቹ መሆናቸውን በምን አወቅሽ?"

እውነቱን ነው፤ ነጠብጣብ ላይ ዓመተ ምሕረት አይጻፍም። ያን መሣሪያ እንደ ዳኛ ስጠብቀው ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። አንድ ቀን ፎቶው ይወጣል፣ ያን ቀን ሰዉ ሁሉ ያፍራል እል ነበር። ለካ ወንድሜን የጎደለው ፎቶ አልነበረም።

ፊልሙን ተቀብዬ ተነሣሁ። ደረጃው ላይ ክንዴን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። ግድግዳውን ይዤ ወረድኩ።