የጦይባ ጋቢና

ሰሞኑን ከወልድያ ወደ መርሳ ስወርድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ገና ከመናኸሪያው ሳይርቅ ከፊት ጎማው ሥር ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረ። ለስላሳ አስፋልት ሲያገኝ ዝም ይላል፣ ጉድጓድ ወይም ጉብታ ሲነካው መልሶ ይጮኻል፤ ሹፌሩ ወጣት ነውና ድምፁን የሚያክመው በቴፕ ነው፣ ሲጥ ባለ ቁጥር ዘፈኑን ከፍ ያደርገዋል። ከጎኔ የተቀመጡ አዛውንት፣ "ወላሂ ይቺ መኪና ጉልበቷን ታማለች፤ ወጌሻ ነው የሚያስፈልጋት" ብለው ተሳፋሪውን አሳቁት። እኔ አልሳቅኩም። ዐይኔ ያረፈው ጋቢና፣ ከሹፌሩ ጎን በተቀመጠችው ትንሽ ልጅ ላይ ነበር፤ ልጁ ትሁን እህቱ አላውቅም፣ እግሯ ወለሉን አይነካም፣ አንገቷን ወደ እሱ ሰገግ አድርጋ የሆነ ነገር ትነግረዋለች፣ እሱም ዘፈኑን ቀንሶ ይሰማታል። ቀናሁባት። ልጆች ድሬ፣ ጡረታ መጠበቅ በጀመርኩበት በዚህ ዕድሜ፣ ጋቢና በተቀመጠች ሕፃን ቀናሁ።

ቅናት ለቤታችን እንግዳ አይደለም። አባቴ ይማም መርሳ ውስጥ ሹፌር ነበሩ፤ አንዲት ያረጀች ፒካፕ ነበረቻቸው፣ ግራና ከምትባለው ትንሽ ከተማ ሽንኩርትና ማንጎ ጭነው ወደ መርሳ፣ ከመርሳም ሰውና ዕቃ ቀላቅለው እስከ ወልድያ ይሠሩባታል። ማታ ወደ ግቢ ሲገቡ መጀመሪያ ፓራፋንጎዋን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጓታል፣ ከዚያ ነው ወደ እኛ የሚዞሩት። እናቴ መኪናዋን የምትጠራት "ጣውንቴ" እያለች ነበር። "ጣውንቴ ደህና ዋለች?" ብላ ትጠይቃለች በሩ ላይ ቆማ፣ መልስ ግን አትጠብቅም። አባቴ ከመኪናዋ ሥር ተኝተው ግራሶ ሲቀቧት ካየች ደግሞ፣ "እኔ ወገቤን እያልኩ ስጮህ የሚሰማኝ የለም፤ እሷ አንዴ ሲጥ ስትል ግን አገር ይነሣል" ትልና የጎረቤት ሴቶችን ታስቃለች፣ እሷ ራሷ ግን አትስቅም ነበር።

አገር መነሣቱስ እውነት ነው። በአባቴ ትምህርት የፒካፗ የፊት እግር የሚያሰማው ድምፅ ሁሉ የየራሱ ትርጉም አለው። ኳ ኳ ካለ የላላ ቡሎን ወይም የተበላ ብረት አለ፤ ከፊት ተጭነው ሲለቋት አንዴ ተነሥታ ጸጥ በማለት ፋንታ ደጋግማ የምትነጥር ከሆነ ሾኳ ሞቷል፤ ሲጥ ሲጥ ካለች ግን ብረትና ብረት እንዳይፋጭ መሃላቸው የሚገባው ላስቲክ፣ ጎሚኒ የሚሉት፣ ደርቋል ወይም ተቀዷል ማለት ነው። ጎሚኒ መሆኑን ማረጋገጥ የፈለገ ሰው ውኃ ይረጭበታል፤ ድምፁ ለጥቂት ጊዜ ከጠፋና ሲደርቅ ከተመለሰ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። በክረምት ዝም ብላ ከርማ በበጋ የምትጮኸውም ለዚሁ ነበር። አንድ ጊዜ እናቴ ውኃ ከመርጨት ለምን አንድ ጊዜ አትገላገሉም ብላ የምግብ ዘይት አምጥታ አፈሰሰችበት፤ ፒካፗ ለጥቂት ቀን ጭጭ አለች፣ እናቴም ጣውንቷን ዝም በማሰኘቷ ኮራች፣ ዘይቱ ላስቲኩን በልቶት ሲፈረካከስ ግን አባቴ ለብዙ ቀን ከእናቴ ጋር በምልክት ነበር የሚነጋገሩት።

ፒካፗ የምትመረመረው ዓርብ፣ አባቴ ከጁምዓ ሲመለሱ ነው። ነጭ ልብሳቸውን አውልቀው ሽርጣቸውን ያገለድማሉ፣ ግቢው መሃል ያቆሟትና እኔንና ታናሽ እህቴን ጦይባን ይጠሩናል። እኔ ወፍራም ነበርኩ፤ ሥራዬ የፊት ፓራውልቱ ላይ ወጥቶ መዝለል ነው። ጦይባ ቀጭን ነበረች፤ የእሷ ሥራ ጎማው አጠገብ ተቀምጣ ጆሮዋን ወደ ውስጥ ማዘንበል ነው። እኔ ላቤ እስኪንጠፈጠፍ እዘላለሁ፣ እሷ ዐይኗን ጨፍና ታዳምጣለች፣ አባቴም ጎንበስ ብለው ዘወትር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃሉ። "ቀኝ ነው ግራ?" ጦይባ ትንሽ ታስብና፣ "ግራ ነው፤ ከላይኛው ሳይሆን ከታችኛው" ትላለች። "ማሻ አላህ!" ይላሉ አባቴ፣ አገጯን በግራሶ እጃቸው ይነኩታል፣ እሷም ያን ጥቁር ምልክት እስከ ማታ ሳትታጠበው ትዞራለች። ለእኔ ዝላይ ማሻ አላህ ያለ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ጦይባ ጋቢና ትገባለች። ጋራዥ ሲሄዱም፣ ሸክም ሲጭኑም፣ ወልድያ ሲወጡም ከጎናቸው እሷ ናት፤ ለከፋይ መንገደኛ እንኳ ያ ወንበር አይለቀቅም። የጋራዡ ባለቤት ጌታቸው፣ አባቴን የሚወድ ጨዋታ አዋቂ መካኒክ ነበር፤ አባቴ ገና ከመኪናቸው ሳይወርዱ "የግራው የታችኛው ጎሚኒ ነው" ሲሉት፣ ክሪኩን አስገብቶ፣ አንሥቶ፣ ፈትቶ እንደተባለው ሲያገኘው፣ "ጋሽ ይማም፣ እርስዎ እኮ ጆሮ ሳይሆን ራጅ ነው ያለዎት!" ይላል። ወሬው ከጋራዡ ወጥቶ ገበያውን አዳረሰው፤ የራሳቸው መኪና የጮኸባቸው ሹፌሮች ሁሉ አባቴን ለምነው ይወስዱ ጀመር። አባቴም ይሄዳሉ፣ ጦይባን አስከትለው። "ልጅቷ ከእኔ መለየት አትወድም" ይሏቸዋል። እሷ ከሰዎቹ ፊት አንድ ቃል አትተነፍስም፤ እጃቸውን ይዛ ጣታቸውን ጠቅ ስታደርግ አይ ነበር፣ የልጅ መቅበጥ ይመስለኝ ነበር።

እኔ የበኩር ልጅ በመሆኔ አባቴን አንቱ እንድል ነው ያደግኩት። ጦይባ ግን አንተ ትላቸዋለች፤ ማንም አላረማትም፣ እሳቸውም ደስ ይላቸው ነበር። በዚህም እቀናለሁ። በመስታወት ጆሮዬን ከእሷ ጆሮ ጋር አስተያይቼዋለሁ፣ የእኔ እንዲያውም ሰፋ ይላል። ለብ ያለ ዘይት ጠብ አድርጌበታለሁ፣ በክብሪት እንጨት ጎርጉሬው አመርቅዞብኛል። የጎረቤት በር ሲከፈት፣ የጋሪ ጎማ ሲያልፍ ዐይኔን ጨፍኜ ቀኝ ነው ግራ እያልኩ እለማመድ ነበር፤ ትክክል ስሆን የሚሰማኝ ሰው አልነበረም እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነበርኩ።

አንድ ጊዜ ጦይባን ወባ ጣላት። እናቴ ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ ስታቀዘቅዝ እኔ ጫማዬን እየፈለግኩ ነበር። አባቴ በሩ ላይ ቆመው አየት አደረጉኝና፣ "በይ ነይ፣ ዛሬ አንቺ ግቢ" አሉኝ። ያን ጠዋት እስከ ዛሬ አልጠገብኩትም። ጋቢናው ቤንዚንና ማንጎ ማንጎ ይሸታል፣ ወንበሩ መሃሉ ላይ የጦይባ መቀመጫ ያህል ጎድጉዷል፣ ወደ ግራና የሚወስደው ጠጠር መንገድ ከሥራችን ይንጫጫል፣ የማሽላው ማሳ ግራና ቀኝ ወደ ኋላ ይሸሻል። ወንዙን ስንሻገር ጎማው ራሰና ሲጥታዋ ጠፋች፤ "አየሽ፣ ጎሚኒ ነው" አሉ፣ እኔም ሁለታችን ያገኘነው ነገር ይመስል ኮራሁ። እና አወራሁ። ስለ አስተማሪያችን አወራሁ፣ ጥጃ ስለምትፈራው ጓደኛዬ አወራሁ፣ የጎረቤታችን ዶሮ እኛ ቤት ስለ መፈልፈሏ አወራሁ፤ አባቴም ለሁሉም መለሱልኝ፣ እየጠየቁ፣ መሪውን እየመቱ፣ እንባቸው እስኪመጣ እየሳቁ። ከእኔ ጋር እንዲያ ሲያወሩ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ከወንዙ ማዶ ድምፁ ሲመለስ "ቀኝ ነው ግራ?" አሉኝ። አደመጥኩ። የሰማሁት የራሴን ልብ ነው። "ቀኝ" አልኩ።

ጌታቸው የቀኙን እግር ፈታው፤ ጎሚኒዎቹ ሁሉ ደህና ሆነው ተገኙ። ከዚያ ግራውን ሲፈታ የተቀደደው ላስቲክ እጁ ላይ ቀረ። "ጋሽ ይማም፣ ዛሬ ጆሮዎትን ቤት ረስተው ነው የመጡ?" ብሎ ሳቀ። አባቴ አብረው ሳቁ፣ ፊታቸው ግን ቀላ፣ ዙሪያቸውን የቆሙትን ሰዎችም አንድ በአንድ አዩ። እኔን ግን አልተቆጡኝም። "አብሽሪ፣ ማንም ይሳሳታል" ብለው ራሴን ዳበሱኝ፣ እስከ ቤት ድረስም ጨዋታችንን ቀጠልን።

ጦይባ ድና የተነሣች ጠዋት፣ ሞተሩ ተነሥቶ ሳለ፣ ከቤት ሮጬ ወጣሁና በአባቴ መስኮት በኩል ቆምኩ። ክርናቸውን እንደ ወትሮው አውጥተው አስደግፈውት ነበር። ጦይባ ጋቢና ገብታለች። ሌሊቱን የተለማመድኩትን ተናገርኩ፦ "አባ፣ ዛሬም እኔን ይውሰዱኝ። አሁን ለይቼ እሰማለሁ፤ ወላሂ ሁለተኛ አልሳሳትም።" አባቴ ፊት ለፊት እያዩ፣ "ደግ፣ ደግ፣ የኔ ልጅ" አሉና ማርሽ አስገቡ። ጦይባ አየችኝ፣ ከዚያ አቀረቀረች። መኪናዋ ከግቢው ወጣች።

በልጅነት የተቀየሙትን ነገር ሰው ይረሳዋል ይባላል፤ እኔ አልረሳሁትም። አንድ ጊዜ ብሳሳት ወንበሩን ነሱኝ፣ ለልመናዬ እንኳ እምቢ የሚል መልስ ነፈጉኝ አልኩ። ሲፈልጉማ መስማት፣ መሳቅ፣ መመለስ ይችላሉ፤ በዐይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ከአባቴ ምንም ነገር በአፌ ለምኜ አላውቅም። ደብተር ሲያልቅብኝ "እማ፣ ለአባ ንገሪልኝ" ነው፤ ላገባ ስልም፣ ሥራ ይዤ ወልድያ ስገባም እንዲያው በእናቴ አፍ ነው የነገርኳቸው። እሳቸውም ልጄ ጭምት ናት ይሉ ነበር አሉ። ዓርብ ዓርብ ለመዝለል ስጠራ እግሬን አመመኝ አልኩ፤ በእኔ ቦታ የጎረቤት ልጅ ዘለለ።

አባቴ ዐምና ዐረፉ። የሰደቃቸው ቀን እኔና ጦይባ ከጓሮ ተቀምጠን ትሪ እናጥባለን፤ እሷም አሁን ወልድያ ሱቅ ያላት ባለትዳር ናት። ከድንኳኑ በኩል ሽማግሌው ጌታቸው፣ "የይማምን የመሰለ ጆሮ ከእንግዲህ በሀብሩ ወረዳ አይፈጠርም" ሲል ተሰማን። "አንቺ አልነበርሽ እንዴ ጆሯቸው! እኔንማ መቼ አስጠጉኝ?" አልኳት።

ጦይባ እጇን ከውኃው አወጣች። "እታለም፣ አባ በግራ ጆሮው አይሰማም ነበር እኮ" አለችኝ። "እኔ ትንሽ ሳለሁ ነው የደነቆረበት፤ ሁልጊዜ መስኮቱን ከፍቶ ሲነዳ ነፋሱና የሞተሩ ጩኸት ጨረሰው። ሲጥ ማለቷን በቀኙ ይሰማዋል፤ በየት በኩል እንደሆነ ግን በአንድ ጆሮ መለየት አይሆንለትም። ሹፌሩ አይሰማም ከተባለ ማን ልጁን ያሳፍርብኛል ብሎ አስምሎኝ ነበር። እማም ሳታውቅ ነው የሞተች።"

ትሪው ከእጄ ወደቀ። በዚያ መስኮት፣ በዚያ በግራ በኩል፣ ሞተሩ እየጮኸ የተናገርኩትን ነገርኳት፤ በልጅነቴ ያነባሁትን ሁሉ ነገርኳት።

"አስታውሳለሁ" አለች። "እንዳልሰማሽም ዐውቄ ነበር። ከግቢው ወጥተን ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን እታለም፣ ከእኔ ጋር ሲሄድ የሚያወራው ስለ ጎሚኒና ስለ ቡሎን ነው። ከአንቺ ጋር ሄዶ የመጣ ማታ ግን እኔ ትኩሳት ይዞኝ ተኝቼ ስለ ዶሮዋና ስለ ጓደኛሽ ጨዋታ እየደጋገመ ለእማ ሲያወራ፣ ሲስቅ አመሸ። ቀናሁብሽ። ነግሬው ቢሆን ጋቢናውን ለአንቺ ይሰጥሽ ነበር።"

ልቆጣት ፈልጌ ነበር። ዕድሜ ልኬን የቀናሁባት ሴት እኔ ላይ ስትቀና እንደ ነበር ስሰማ ግን የወደቀውን ትሪ አንሥቼ እንደገና አጠብኩት። ከድንኳኑ ሰዎቹ አሁንም ስለ አባቴ ጆሮ ያወራሉ፤ እኛ ሁለታችንም አላረምናቸውም። ዛሬም የምቀናው በጦይባ ነው፤ አባቴ ለሁላችንም ጥንካሬያቸውን ሲያሳዩ ጉድለታቸውን ያመኗት እሷን ብቻ ነው። እኔ የናፈቅኩት ወንበር ግን ከዚያ በር ብዙም አይርቅም ነበር። ያን ጠዋት በመኪናዋ አፍንጫ ዞሬ፣ በጦይባ መስኮት በኩል ቆሜ ያንኑ ቃል ብደግመው ኖሮ፣ አባቴ ይሰሙኝ ነበር።