አሩንዳቲን ያየ ዓይን

የሰማሁት ሩዝ እየለቀምኩ ሳለሁ ነው። ታላቅ እህቴ ካናካም ስልኩን እንደያዘች ከጓሮ መጣችና አጠገቤ ቁጢጥ አለች። ሰፌዱን ከእጄ ወስዳ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ከሠርጉ ቤት ነው የደወሉት» አለች። «ባልሽ ጋብቻውን አስረው ጨርሰው፣ ምሳ ሊቀርብ ሲል ውሃ ስጡኝ ብለው ተቀመጡ። ውሃው ሳይመጣ ነፍሳቸው ወጣች።»

«ምሳ ሳይበሉ?» አልኳት። 

ባለቤቴ ሶማያጁሉ በፔዳፓለምና በዙሪያዋ ባሉት መንደሮች ጋብቻ የሚያስሩ ካህን ነበሩ። አጭር፣ ድምፀ ወፍራም፣ ጃንጥላቸውን ሰው ቤት ረስተው የሚመለሱ ሰው። የሄዱበትን ሠርግ ሁሉ የሚያስታውሱት በጃንጥላው ነው።

በእኛ ዘንድ ሙሽሮች እንደተጋቡ ካህኑ ወደ ደጅ አውጥቶ አሩንዳቲን ያሳያቸዋል። በሰሜን ሰማይ እንደ ጭልፋ ከተደረደሩት ሰባት ኮከቦች ጭራ ላይ፣ ከባሏ ከቫሲሽታ ጎን የተጠጋች ትንሽ ኮከብ ናት። ሙሽሮቹም እንደ ሁለቱ ሳይለያዩ እንዲኖሩ ነው የሚያዩዋት። ግን ሠርጉ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ነው። ካህኑ ባዶ ሰማይ ላይ ጣቱን ይቀስራል፣ ሙሽሮቹ «አየን» ይላሉ፣ ሁሉም ወደ ምግቡ ይሄዳል። እኛ ስንጋባም ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነበር።

«የታለች?» ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅኳቸው።

«አየሁ በይ፣ ሩዙ እየቀዘቀዘ ነው።»

ከባለቤቴ ጋር መጀመሪያ የተነጋገርነው ይህን ነው።

በዚያው በጋ፣ ሙቀቱ ከቤት ሲያስወጣንና የገመድ አልጋችንን ሰገነቱ ላይ ስናወጣ፣ የእውነቱን አሳዩኝ። በቀጥታ ወደ ትንሿ አይሄዱም።

«መጀመሪያ የኮኮናቱን ጫፍ ያዢ። ያዝሽ? ከእሱ በላይ ጭራውን። ከጭራው መሃለኛውን፣ ደማቁን። እሱ ቫሲሽታ ነው። አሁን ዓይንሽን ሳትነቅዪ ጎኑን ተመልከቺ።»

«ይቺ አቧራ የምታህለው?»

«አቧራ ያልሻት ሚስትየዋን ነው፤ ቀስ በይ።»

ከዚያ ወዲህ በየበጋው ከመተኛታችን በፊት ፈልገን እናያት ነበር። ፈጣሪ ልጅ አልሰጠንም። በዚያ ሰገነት ላይ ግን ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ሌላም የሚባል ነገር አለ። አሩንዳቲን ማየት ያቃተው ሰው ስድስት ወር በሕይወት አይቆይም ይባላል። በመንደራችን ይህን የማያውቅ የለም፤ ለሰው ሲያስረዱ የኖሩት ደግሞ እሳቸው ናቸው።

አንድ ምሽት እንደ ወትሮው ጣታቸውን ከኮኮናቱ በላይ ቀሰሩ። «ዛሬ ደግሞ ጠርታ ነው የወጣችው» አሉ።

ቀና ብዬ አየሁ። በዚያ በኩል ሰማዩን ደመና ሸፍኖታል። አንድም ኮከብ አልነበረም።

«አዎ፣ ጠርታለች» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ስለ ኮከቡ ሁለታችንም አልተነፈስንም። እሳቸው ቤቱን ማደላደል ጀመሩ። የጉድጓዱን ገመድ ቀየሩ፣ የሚያፈሰውን ጣራ አስደፈኑ፣ የወጥ ቤቱን በር መወርወሪያ እኔ ብቻዬን መዝጋት እንድችል ዝቅ አድርገው መቱት። እኔ ደግሞ በየቀኑ የደበርጃን ወጥ እሠራለሁ፤ ስለሚወዱት።

«ደበርጃን ረከሰ እንዴ?» አሉኝ አንድ ቀን።

«ሰለቸዎት?»

«እኔስ አልሰለቸኝም። አንቺ ግን አትወጂውም።»

ካናካም ልትጠይቀን የመጣች ዕለት እሳቸው አሬራውን ሩዙ ላይ ሊያፈስሱ ሲሉ ከሚበሉበት ቅጠል ውጭ አፈሰሱት።

«ወለሉም ርቦታል እንዴ?» አለች እህቴ። እሷ ሰው አትፈራም። ቀርባ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አዞረች። «ይኸው፣ ሞራ ነው። ሁለቱም ዓይን ላይ። እናንተ ደግሞ ለቅሶ ቤት እንደ ተቀመጠ ሰው ተፋጥጣችሁ ትበላላችሁ። ነገ ከተማ፣ ዓይን ሐኪም ቤት።»

«አልሄድም» አሉ እሳቸው።

እህቴ ስትሄድ ለምን እንደማይሄዱ ጠየቅኳቸው። 

«አሁን ሞራ ነው እንላለን። ተገፎም ካላየኋትስ? ያኔ ምን ልንል ነው?»

 «እኔን ያዩኛል?» አልኳቸው።

«ጥላሽን አያለሁ። ኮቴሽን ስለማውቀው አይጠፋኝም።»

«እኔ ግን መታየት እፈልጋለሁ። ይህን ሁሉ ደበርጃን የምሠራው ኮቴ ለመሆን አይደለም።»

ሳቁ። በነጋታው ጠዋት ጃንጥላቸውን ሲፈልጉ አገኘኋቸው።

ሐኪሙ የቀኝ ዓይናቸውን ሞራ ገፈፈ። ለግራው ከዝናቡ ወራት በኋላ አምጧቸው አለ። ፋሻው ተነሥቶ ዓይናቸው ሲረጋ፣ ሰማዩ የጠራ ምሽት ጠብቄ እጃቸውን ይዤ ሰገነቱ ላይ አወጣኋቸው። እንዳስተማሩኝ አደረግሁ።

«የኮኮናቱን ጫፍ ያዙ። ያዙት?»

«ያዝኩ።»

«ጭራው?»

«አየሁት።»

«መሃለኛው?»

«እሱንም። እንዴት ደምቋል አንቺ።»

«እንግዲህ ጎኑን» አልኩ። 

የጎረቤት ውሻ ጮኾ እስኪተው ድረስ ወደ ላይ እንዳንጋጠጡ ቆዩ።

«ዱሮም እንዲህ ተጠግታው ነበር እንዴ?» አሉ በመጨረሻ።

«ዱሮም እዚያው ናት።»

«እንግዲያው እያየኋት ነው።»

እጄን ለቀቁና ተጋደሙ። ትራሳቸውን ገለበጡ፤ ወዲያው ማንኮራፋት ጀመሩ። እኔ ቁጭ ብዬ አደርኩ።

ከዚያ በኋላ ሦስት በጋ አብረን አየናት። ስለ ግራ ዓይናቸው ባነሳሁ ቁጥር «ለሁለት ኮከብ አንድ ዓይን ምን አነሰው?» እያሉ ያስቁኛል። ዘንድሮ ግን እሺ አሰኘኋቸው። ከዚህ ሠርግ ስመለስ እንሄዳለን ብለው ወጡ።

የግራ ዓይናቸው ሞራ ሳይገፈፍ ቀረ።